ገንዘቡ ከሩቅ፣ ውሳኔው ከቅርብ



በደቡብ ጎንደር ገጠር ያለፈ ሰው መልክዓ ምድሩን ያውቀዋል። ዓይን እስከሚያይበት የታረሰ ማሳና የተጋጠ መስክ ነው፤ ዳር ዳሩን ባሕር ዛፍ ይታያል። ከዚያ ድንገት በመካከሉ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ይመጣል፤ ጠጋ ሲሉት ቤተ ክርስቲያን ነው። ጽዱም፣ ወይራውም፣ ዝግባውም፣ ጥቁር እንጨቱም ከቅጥሩ ውስጥ አለ። ከቅጥሩ ሲወጡ የለም። በዚያ ዞን ብቻ እንዲህ ያሉ የቤተ ክርስቲያን ደኖች ከ1,000 በላይ ናቸው፤ አብዛኞቹ ስፋታቸው ጥቂት ሄክታር ነው። የአገር በቀሉን ዛፍ ዘር እስከ ዛሬ ያቆዩልን እነርሱ ናቸው። እነርሱን ያቆያቸው ደግሞ የአጸዱን ዛፍ መቁረጥ ነውርም ኃጢአትም ነው ብሎ ያመነ ሕዝብ ነው።

ይሁንና እነዚህ ደኖች እየጠበቡ ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እ.ኤ.አ. በ2007 በኔዘርላንድስ በዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት የዶክትሬት ጥናት ምክንያቱን አሳይተዋል። ያረጁት ዛፎች ቆመዋል፤ ከሥራቸው የሚተካቸው ግን የለም። ዘሩ ይወድቃል፣ ይበቅላል፣ ከብት ገብቶ ይበላዋል፣ የተረፈውን ይረግጠዋል። ዳር ላይ ያለው አንድ ዛፍ በወደቀ ቁጥር ማሳው አንድ ክንድ ወደ ውስጥ ይገባል። ዶክተር ዓለማየሁ ከአሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ከማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነው ካህናቱን ሰበሰቡ፤ ከሰማይ የተነሡ ምስሎችን ዘርግተው ደኑ ምን ያህል እንደቀረ አሳዩአቸው። ምን ይደረግ ተብሎ ሲመከር የተያዘው መፍትሔ አገሬው ከጥንት የሚያውቀው ነበር፤ ካብ።

ካቡን ቀረብ ብለን እንየው። ድንጋዩ የሚለቀመው ከአጠገቡ ካለው ማሳ ነው። በሬ ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ ማረሻው ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ ምን እንደሚደርስበት ያውቃል፤ ስለዚህ ድንጋዩ ሲነሣለት ከደኑ ጋር እርሻውም ይጠቀማል። ሲሚንቶ የለውም። ድንጋይ ከድንጋይ እየተመረጠ፣ ትልቁ ከሥር ትንሹ ከላይ ሆኖ ይካባል፤ ከብት እንዳይዘልለው ከፍ ይደረጋል፤ ለምእመናን መግቢያ በር ይተውለታል። ሲናድ ለመጠገን ከከተማ መሐንዲስ መጥራት አያስፈልግም፤ የሰበካው ሰው ቅዳሜ ወጥቶ ይመልሰዋል። ከብቱ ሲቀር ቡቃያው ይነሣል፤ ካቡ ከነባሩ ደን ትንሽ ራቅ ተደርጎ ከተካበ ደኑ ራሱ ወደ ካቡ ይሰፋል። ከውጭ የመጣው ገንዘብ በሎውማን በኩል የተገኘ አነስተኛ የበጎ አድራጎት ገንዘብ ሲሆን፣ ሕዝቡ በድንጋዩና በጉልበቱ ያልቻለውን ብቻ ሞላ።

ዛሬ የመጣሁበት ጉዳይ ከዚህ ካብ ይጀምራል። የአየር ንብረት ለውጥን ለመቋቋም፣ ከእርሱም ጋር የተያያዘውን የድሃውን መብት ለማስከበር የሚመደብ የበጎ አድራጎት ገንዘብ በዓለም ላይ አለ። ጥያቄዬ ይህ ገንዘብ ከመጣ በኋላ ውሳኔው የማን ነው፣ ስንት ዓመትስ ይቆያል የሚል ነው። የእኔ እምነት እንዲህ ነው፤ ከገንዘቡ ማነስ ይልቅ ሥራውን የሚገድለው ውሳኔው ከቦታው መራቁና ጊዜው ማጠሩ ነው።

ይህን በራሳችን ታሪክ ውድ ዋጋ ከፍለን አይተነዋል። ከ1966ቱ ረሃብ በኋላ መንግሥትና ለጋሾች የአፈር መሸርሸርን ለማስቆም በሰሜኑና በምሥራቁ ደጋ ላይ ከፍተኛ ዘመቻ ከፈቱ። እ.ኤ.አ. በ1980 የተጀመረው፣ በዓለም ምግብ ፕሮግራም የሚደገፈው «ፕሮጀክት 2488» በአፍሪካ ከታዩት ግዙፍ የምግብ ለሥራ ፕሮግራሞች አንዱ ነበር። ገበሬው እርከን ሲሠራ፣ ችግኝ ሲተክል በቀን 3 ኪሎ እህልና 120 ግራም ዘይት ይከፈለው ነበር። በመቶ ሺዎች በሚቆጠር ሄክታር ላይ እርከን ተሠራ፣ ተራሮች ተከለሉ፣ ችግኝ ፈላ። የዕቅዱ ቁጥር ሞላ። በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ደግሞ በብዙ ቦታ ሕዝቡ ወጥቶ እርከኑን አፈረሰ፣ የተከለለውን ደን ቆረጠ።

ያን ጊዜ ገበሬው የአፈርን ጥቅም አላወቀም የሚሉ ነበሩ። እኔ አልቀበለውም። አፈሩ በጎርፍ ሲሄድ ልጆቹ እንደሚራቡ ከማንም በላይ የሚያውቀው እርሱ ነው። ነገር ግን ተራራው ሲከለል አልተጠየቀም። ሣሩን ማን ያጭዳል፣ እንጨቱ ሲደርስ የማን ይሆናል ለሚለው መልስ አልተሰጠውም። መሬቱ ነገ በሽግሽግ እንደማይወሰድበት ማረጋገጫ አልነበረውም። እርከኑ የመንግሥት ነበር፣ እህሉ የፈረንጅ ነበር፣ የእርሱ የነበረው ድካሙ ብቻ ነው። መንግሥት ሲሄድ የመንግሥት የሆነው ነገር አብሮ ሄደ። እርግጥ የቆየም እርከን አለ፤ በዚያ ዘመን የተገኘውም ዕውቀት ለኋለኛው የተፋሰስ ሥራ መሠረት ሆኗል። ነገር ግን ያንን ያህል ዓመት፣ ያንን ያህል እህልና ላብ ፈስሶበት የፈረሰውን ሳስብ ዛሬም ያንገበግበኛል፤ ምክንያቱም የጎደለው ገንዘብ አልነበረም።

አሁን ወደ ትልቁ ገንዘብ ልውሰዳችሁ። ፋውንዴሽን የሚባለው ድርጅት ብዙውን ጊዜ አንድ ባለጸጋ ወይም አንድ ቤተሰብ ሀብቱን የሚያኖርበት ተቋም ነው። ሀብቱ በአክሲዮንና በሌላ ኢንቨስትመንት ላይ ይውላል፤ የሚሰጠው ከትርፉ ነው። በአሜሪካ ሕግ የግል ፋውንዴሽኖች ከሀብታቸው በየዓመቱ 5 በመቶ ገደማ ለበጎ አድራጎት እንዲያወጡ ይገደዳሉ፤ የቀረው ይቀመጣል። ይህንን የምነግራችሁ ገንዘቡ ለምን ጥንቁቅ እንደሆነ እንድትረዱልኝ ነው። ያው የአሜሪካ ሕግ ፋውንዴሽኑ ለውጭ አገር ማኅበር ሲሰጥ ማኅበሩ ከአሜሪካ የበጎ አድራጎት ድርጅት ጋር እኩል መሆኑን በሰነድ እንዲያረጋግጥ፣ አለዚያም የእያንዳንዷን ወጪ ክትትል በራሱ ኃላፊነት እንዲይዝ ያስገድደዋል። ሁለቱም የሕግ ባለሙያና ወራት ይጠይቃሉ። ለአንድ ቀበሌ የችግኝ ማኅበር ሁለት ሺህ ዶላር ለመስጠት ይህን ሁሉ ማለፍ ከሚሰጠው ገንዘብ በላይ ያስወጣል።

ስለዚህ ገንዘቡ የሚያውቀውን መንገድ ይይዛል። ከፋውንዴሽኑ ወደ ለንደን ወይም ጄኔቫ፣ ከዚያ ናይሮቢ ወይም አዲስ አበባ፣ ከዚያ ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ዞን። በየፌርማታው ቢሮ አለ፣ ደመወዝ አለ፣ ኦዲት አለ። ቀበሌ ሲደርስ ብዙ ጊዜ የሚቀረው የሥልጠና አበልና ባነር ነው።

ቁጥሩን እንየው። በጠቅላላው ከዓለም የበጎ አድራጎት ስጦታ የአየር ንብረት ለውጥን ለመቀነስ የሚውለው ከ2 በመቶ በታች መሆኑን ዘርፉን በየዓመቱ የሚመረምረው ክላይሜትወርክስ ፋውንዴሽን ደጋግሞ አሳይቷል። ለሕዝቡ ተብሎ ከሚመደበው ገንዘብ ደግሞ ለራሱ ለሕዝቡ የሚደርሰው ምን ያህል ነው? በኅዳር 2021 እ.ኤ.አ. በግላስጎው በተካሄደው የአየር ንብረት ጉባኤ አምስት መንግሥታትና 17 የግል ለጋሾች ለነባር ሕዝቦችና ለአካባቢ ማኅበረሰቦች የደንና የመሬት መብት በአምስት ዓመት 1.7 ቢሊዮን ዶላር እንሰጣለን ብለው ቃል ገቡ። ቃሉ መልካም ነበር፤ ሳይንሱም ይደግፈዋል፤ መብታቸው በተከበረላቸው ሕዝቦች እጅ ያለው ደን ከሌላው በተሻለ ይጠበቃል። በመጀመሪያው ዓመት 321 ሚሊዮን ዶላር ወጣ። ለጋሾቹ ራሳቸው ባወጡት ሪፖርት መሠረት ከዚህ ገንዘብ በቀጥታ ለሕዝቦቹ ድርጅቶች የደረሰው 7 በመቶ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 ይህ ድርሻ 10.6 በመቶ መድረሱን ገልጸዋል። ይህንን በግልጽ ማሳተማቸውን አከብራለሁ፤ ብዙ ለጋሽ ይህን ያህል አያደርግም። ሆኖም ለደን ጠባቂው ሕዝብ ተብሎ ከተመደበ ከእያንዳንዱ አሥር ዶላር ዘጠኙ ገደማ በሌላ እጅ ያልፋል ማለት ነው።

በዚህ መሐል የሰረቀ ሰው አለ እያልኩ አይደለም። አብዛኛው ሰው በቅንነት የሚሠራ ነው። መካከለኛ ድርጅቶችም አስፈላጊ የሚሆኑበት ጊዜ አለ፤ የሒሳብ አያያዝ ያስተምራሉ፣ ለትንሹ ማኅበር በባለሥልጣን ፊት ዋስ ይሆናሉ። ችግሩ ከአሠራሩ ነው። እስቲ ከታች ሆነን እንየው። አንድ የገጠር የሴቶች ማኅበር ችግኝ አፍልቶ ገደሉን ማዳን ፈለገ እንበል። የለጋሹ ጥሪ የሦስት ዓመት የተመረመረ ሒሳብ፣ የዶላር ሒሳብ በባንክ፣ የግዢ መመሪያ፣ የሕፃናት ጥበቃ ፖሊሲ፣ ሎጂካል ፍሬምወርክ የሚባል ሰንጠረዥ ይጠይቃል፤ ሁሉም በእንግሊዝኛ። ማኅበሩ ያለው የጥቁር መዝገብ ደብተር፣ የደረሰኝ ጥራዝና የአባላቱ የጣት አሻራ ነው። ስለዚህ ከከተማ ጸሐፊ ይቀጠራል። ጸሐፊው ለጋሹ መስማት የሚወደውን ቃል ያውቃል፤ የሴቶቹን ፍላጎት ትቶ የጥሪውን ቃል መልሶ ይጽፋል። ሴቶቹ ውኃ ማጠራቀሚያ ፈልገው ነበር፤ ወረቀቱ ላይ የግንዛቤ ማስጨበጫ ዎርክሾፕ ሆኖ ይወጣል።

የጊዜው ነገር ደግሞ አለ። በደጋው አገራችን ችግኝ በታኅሣሥና በጥር ይዘራል፣ በሰኔና በሐምሌ ዝናብ ይተከላል። የለጋሹ በጀት ዓመት ግን ከክረምታችን ጋር አልተማከረም። ስምምነቱ በየካቲት ይፈረማል፣ ገንዘቡ በነሐሴ ይለቀቃል፣ በጀቱ በታኅሣሥ መዘጋት አለበት ይባላል። ታዲያ ዝናቡ ካቆመ በኋላ በመስከረም መጨረሻ ችግኝ ይተከላል፤ ፎቶ ይነሣል፤ ሪፖርት ይላካል። በበጋ ይደርቃል። ሪፖርቱ ግን ስለተተከለው እንጂ ስለጸደቀው አይጠይቅም።

ዋንጋሪ ማታይ በኬንያ ይህን ቀድማ አይታው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 የአረንጓዴ ቀበቶ ንቅናቄን ስትመሠርት ለሴቶቹ የሚከፈለው በተከሉት ቁጥር አልነበረም፤ ችግኙ ከጸደቀ በኋላ ለእያንዳንዱ ትንሽ ገንዘብ ይከፈላቸው ነበር። ማንበብ የማይችሉ ሴቶች ዘር ለቀሙ፣ በተሰበረ ገል አፈሉ፣ ራሳቸው ቆጠሩ፣ ራሳቸው ተቆጣጠሩ። የኖርዌይ የደን ማኅበርና የተባበሩት መንግሥታት የሴቶች ፈንድ ቀድመው ካገዟት መካከል ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት ስትቀበል ንቅናቄዋ ወደ 30 ሚሊዮን የሚጠጋ ዛፍ ተክሎ ነበር።

የማታይ ታሪክ ሌላም ነገር ያስተምረናል። እ.ኤ.አ. በ1989 መንግሥት በናይሮቢ እምብርት ባለው በኡሁሩ ፓርክ ውስጥ 60 ፎቅ ሕንፃ ሊሠራ ሲነሣ እርስዋ ተቃወመች። ፍርድ ቤት ሄደች፣ ለውጭ መንግሥታት ጻፈች፣ በምክር ቤት ተሰደበች፣ ንቅናቄዋ ከሚሠራበት የመንግሥት ሕንፃ ተባረረ። በመጨረሻ የውጭ ገንዘብ አበዳሪዎች ሸሹ፤ ፓርኩ ተረፈ። ዛፍ መትከልና መብት መጠየቅ ለእርስዋ አንድ ሥራ ነበሩ፤ የሕዝብ መሬት ለባለሥልጣን ከተሰጠ የሚተከልበት የለምና። በችግኝ በጀት ውስጥ ግን የፍርድ ቤት ወጪ የሚባል መስመር አይገኝም። አብዛኛው ለጋሽ ችግኙን ይወዳል፣ ክርክሩን ይፈራል።

ይህን የችግኝና የመብት መለያየት እኛ በሕግ ደንግገነው ነበር። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብአዊ መብት፣ በፆታ እኩልነት፣ በፍትሕ ጉዳይ እንዳይሠራ ከለከለ። ስለዚህ አሥር ዓመት ያህል በውጭ ገንዘብ ችግኝ ማደል ይቻል ነበር፤ ስለ ይዞታ መብቷ የምትከራከር ሴትን ማገዝ ግን አይቻልም ነበር። ደኑን ለመጠበቅ የመጣው ባለሙያ ደኑ ለማን እንደሚሰጥ ሲነገር ዝም ማለት ነበረበት። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 ያንን ክልከላ አነሣ። ብዙ ድርጅት ግን አሥሩን ዓመት የለመደውን ዝምታ ይዞ ቀረ፤ ፕሮፖዛሎችን ስታነቡ አሁንም ፍትሕ የሚለው ቃል በመግቢያው ይነሣና በበጀት ሰንጠረዡ ላይ ይጠፋል።

ስለ ጊዜ ርዝመት የሚያስረዳኝ ከሁሉ የተሻለ ምሳሌ ያለው በወላይታ፣ ሁምቦ ነው። የሁምቦ ተራራ ለዓመታት ማገዶ ሲቆረጥበት፣ ከሰል ሲከሰልበት፣ ከብት ሲለቀቅበት ኖሮ ተራቁቶ ነበር። ከሥር ያሉት መንደሮች በጎርፍና በድርቅ ይፈራረቅባቸዋል። ወርልድ ቪዥን ከሕዝቡ ጋር በ2,728 ሄክታር ላይ ሥራ ሲጀምር እ.ኤ.አ. 2006 ነበር። ዘዴው አውስትራሊያዊው ቶኒ ሪናውዶ በኒጀር ከገበሬዎች ጋር ያስፋፉት ነው። ተራራው ዛፍ የለውም ይባላል እንጂ በመሬቱ ውስጥ ሕይወት ያለው ጉቶና ሥር ሞልቶታል። ጉቶው በየዓመቱ ያቆጠቁጣል፤ በየዓመቱ ይቆረጣል ወይም ፍየል ይበላዋል። ሥራው ከብዙዎቹ ቅርንጫፎች ጠንካሮቹን ጥቂቶች መምረጥ፣ ሌላውን በስለት ማንሣት፣ የተመረጠውን ከታች መግረዝ፣ ከብትን መከልከል ነው። ችግኝ ጣቢያ እንኳ ብዙም አያስፈልገውም፤ ከተከለለው መሬት አብዛኛው በዚህ መንገድ በራሱ ተመለሰ።

ሕዝቡ መጀመሪያ ላይ አላመነም። መሬታችን ሊወሰድ ነው የሚል ሥጋት ነበረው፤ ከ1970ዎቹ ልምድ በኋላ ሥጋቱ ተገቢ ነበር። ነገሩን የለወጠው ሰባት የደን ኅብረት ሥራ ማኅበራት በሕግ ተመዝግበው በተራራው የመጠቀም መብት በስማቸው ማግኘታቸው ነው። ሣር አጭዶ ለከብት ማብላቱ፣ የተገረዘውን ለማገዶ መውሰዱ በራሳቸው መተዳደሪያ ደንብ ተወሰነ። በታኅሣሥ 2009 እ.ኤ.አ. ፕሮጀክቱ በኪዮቶ ስምምነት ሥር በነበረው የካርቦን ንግድ ሥርዓት ተመዘገበ፤ በአፍሪካ በዓይነቱ የመጀመሪያው ትልቅ የደን ፕሮጀክት ነበር። በ30 ዓመት 880,000 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚያምቅ ተሰልቷል። ከዚህ ላይ 165,000 ቶኑን የዓለም ባንክ የባዮካርቦን ፈንድ ለመግዛት ተዋዋለ። የመጀመሪያው ክፍያ እ.ኤ.አ. በ2010 ሲመጣ 34,000 ዶላር ነበር። ለሰባቱ ማኅበራት ሲካፈል በአማካይ 5,000 ዶላር አይሞላም። ከካርቦኑ ገቢ በኋላ ወፍጮና የእህል መጋዘን ሠርተውበታል፤ የት ይዋል የሚለውን የወሰኑት ማኅበራቱ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ሥራው ሲጀመርና የመጀመሪያው የካርቦን ብር ሲመጣ መካከል አራት ዓመት አለ። በእነዚያ ዓመታት ተራራው ለግጦሽ ዝግ ነው፤ ጥበቃ ይቆማል፤ ስብሰባ ይደረጋል፤ ጠብ ይዳኛል፤ ገበያው ግን ምንም አይከፍልም። ያንን ዘመን የያዘው የበጎ አድራጎት ገንዘብ ነው። እኔ የበጎ አድራጎት ገንዘብ ትክክለኛ ቦታው ይህ ይመስለኛል፤ ገበያም መንግሥትም የማይከፍልበትን ዘመን መሸከም። ይህን ማድረግ የሚችለው ግን ታጋሽ ገንዘብ ነው። የሁለት ዓመት ፕሮጀክት ቢሆን ኖሮ ተራራው ገና ቁጥቋጦ ሳለ የመዝጊያ ሪፖርት ይጻፍ ነበር።

በሌላው ዓለም አሠራሩን ለመለወጥ የሚሞክሩ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1993 የተቋቋመው ግሎባል ግሪንግራንትስ ፈንድ ገንዘቡን ከትልልቅ ለጋሾች ይሰበስባል፤ ጥቂት ሺህ ዶላር የሚሆነውን ስጦታ ለማን ይሰጥ የሚለውን ግን የሚመርጡት በየአገሩ ያሉ፣ ሥራውን ከቅርብ የሚያውቁ አማካሪዎች ናቸው። በኢንዶኔዥያ ሦስት የነባር ሕዝቦች፣ የአካባቢ ጥበቃና የገበሬዎች የመሬት መብት ድርጅቶች እ.ኤ.አ. በ2023 ኑሳንታራ ፈንድ የሚባል የራሳቸውን ፈንድ አቋቁመዋል፤ ለጋሹ በሩን አንኳክቶ የሚገባው በእነርሱ ደንብ ነው። አሜሪካዊቷ ማኬንዚ ስኮት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ለብዙ ድርጅቶች የሰጠችው ለምን እንደሚውል ሳትወስን ነው። ትልቅ ስጦታ ድርጅቶቹን ያሰናክላቸዋል ተብሎ ተፈርቶ ነበር፤ ተቀባዮቹን ለሦስት ዓመት የተከታተለ ጥናት ያ ፍርሃት እንዳልደረሰ አሳይቷል።

እኛስ? እኛ ለመደራጀት አስተማሪ የምንፈልግ ሕዝብ አይደለንም። ዕድር አለን፤ ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ ቀሪ የሚቀጣበት ደንብ አለው። በኤችአይቪ ዘመን ብዙ ዕድሮች ከቀብር አልፈው የታመመውን ማስታመም፣ ወላጅ ያጣውን ልጅ ማሳደግ ያዙ። ደቦና ወንፈል አለን፤ በኦሮሞ ቡሳ ጎኖፋ የሚባለው መረዳጃ አለ። በየበጋው ገበሬው ለተፋሰስ ሥራ በርካታ ቀናት ያለ ክፍያ ይወጣል፤ ሁሉም በፈቃዱ እንደማይወጣ ባውቅም፣ ያ ጉልበት በብር ቢሰላ የአገራችን ትልቁ የአየር ንብረት ለጋሽ ያው ገበሬ ሆኖ ይገኛል። በለጋሽ ሰነድ ላይ ግን ስሙ «ተጠቃሚ» ነው።

በሌላ በኩል ማኅበረሰብ የምንለውን ነገር አናስጊጠው። ተራራው ሲከለል ሣሩን የሚያጭደው ከብት ያለው ነው። ሁለት ፍየል ብቻ ያላት መበለት፣ ማገዶ ለቅማ ሸጣ የምትኖር ሴት፣ መሬት ያልደረሰው ወጣት ግጦሹንና ጭራሮውን ያጣሉ። ስብሰባው ላይ የሚናገሩት ባለመሬቶች ከሆኑ ውሳኔው ሙሉ በሙሉ የቀበሌው ሆኖም ፍርደ ገምድል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለጋሹ ውሳኔውን ለቦታው ሰው ሲለቅ አንድ ነገር የመጠየቅ መብት አለው እላለሁ፤ በመከለሉ የምትጎዳው ማን ናት፣ እርስዋስ በስብሰባው ተቀምጣለች ወይ? ይህ ጥያቄ ከማንኛውም ሰንጠረዥ ይበልጣል። ማኅበራቱም በበኩላቸው መዝገባቸውን ለአባላታቸው በየወሩ ማንበብ አለባቸው። ለዶላር የሚቀርብ ሒሳብ ለጎረቤትም መቅረብ አለበት፤ ለለጋሹ የተላከውን ሪፖርት በራሳቸው ቋንቋ ሰምተው የማያውቁ አባላት ያሉባቸው ማኅበራት መኖራቸው ያሳፍራል።

በውጭ ላሉት ወገኖቻችን ደግሞ የተለየ ቃል አለኝ። ከዋሽንግተንም፣ ከአውሮፓም፣ ከዐረብ አገርም የሚመጣው የትውልድ ቀዬ ማኅበራት ገንዘብ ከፋውንዴሽን ገንዘብ የሚበልጥበት ነገር አለው። ቋንቋውን ያውቃል፣ ሰውየውን ያውቃል፣ ፕሮፖዛል አያስጽፍም። ግን ብዙውን ጊዜ ወደ ሕንፃ ይሄዳል፤ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ፣ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ጣሪያ። መልካም ነው። ሆኖም ከሕንፃው ጀርባ ያለው ገደል እየተናደ፣ ምንጩ እየደረቀ ከሆነ ለሕንፃው ውኃ የሚያገኝለት ማን ነው? ለቀጣዩ ስብሰባችሁ ቀያችሁን ስትጠይቁ ምን እንሥራላችሁ ከምትሉ ይልቅ፣ ራሳችሁ ጀምራችሁ ምን ላይ ቆማችኋል ብላችሁ ጠይቁ።

ወደ ድርጅቶቹ ወጪ ልመለስ፤ በአዋጅ 1113 መሠረት የአንድ ድርጅት የአስተዳደር ወጪ ከገቢው ከ20 በመቶ መብለጥ የለበትም። የሕዝብ ገንዘብ በቢሮ እንዳይቀር የታሰበ ነው፤ አሳቡን እደግፋለሁ። ለትንሹ ማኅበር ግን መዝገብ የምትይዘው ልጅ፣ ሰብሳቢውን ወረዳ የሚያደርሰው የመኪና ኪራይ፣ ተራራውን የሚጠብቀው ዘበኛ ሁሉ ሥራው ራሱ ናቸው። ለጋሾች ይህን ዓይነት ወጪ እንደ ብክነት ማየታቸውን ቢተዉ፣ ስምምነቱንም ቢያንስ ለአምስት ክረምት ቢፈርሙ፣ የመጀመሪያውን ክፍያ ከታኅሣሥ በፊት ቢለቅቁ ብዙ ነገር ይቃናል። አዳራሹ ውስጥ የለጋሽ ድርጅት ባልደረቦች እንዳላችሁ አውቃለሁ። በሚቀጥለው ጥሪያችሁ የማመልከቻ ቅጹን በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በወላይትኛ አውጡ፤ በጽሑፍ ያልቻለው በቃሉ ተናግሮ ይቀዳ፤ የዘበኛውንም ደመወዝ በጀት ውስጥ አስገቡ።